ሳይቃጠል በቅጠል፦ የኤሌክትሪክ ብስክሌትንና የባትሪ ዕቃን ከውሃ ስለ መጠበቅ

በደብረ ኤልያስ ሰኔ ሲገባ ሰማዩ ይጠቁራል፤ መንገዱም ጭቃ ይሆናል። ገበሬው ግን ክረምቱን ቁጭ ብሎ አይጠብቅም። አስቀድሞ የቤቱን ክዳን ያያል። የሚያፈስ ቦታ ካለ ሣር ይጨምርበታል። ከጎተራው ሥር ድንጋይ አንጥፎ እህሉን ከእርጥበት ያርቃል። ማዳበሪያውን በላስቲክ ይሸፍናል። በግቢው ዙሪያ ቦይ ይቀዳል። ይህ ሁሉ ከአባት ከአያት የመጣ ዕውቀት ነው። ውሃ እህል እንደሚያበቅል፣ እህል እንደሚያበሰብስም ገበሬው ያውቃል።

ዛሬ ግን ወደ ቤታችን አዲስ ዓይነት ንብረት ገብቷል። ይኸውም በባትሪ የሚሠራ ዕቃ ነው። ራዲዮ፣ የእጅ ባትሪ፣ በፀሐይ የሚሞላ መብራት፣ የእጅ ስልክ አለ። በከተማ ደግሞ በባትሪ የሚሄድ ብስክሌትና ሞተር ሳይክል እየታየ ነው። በጥር ወር 2016 ዓ.ም. መንግሥት በነዳጅ የሚሄዱ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከሉን አስታወቀ። ጳጉሜ 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ታላቁ የሕዳሴ ግድብ ተመረቀ። ግድቡ የተሠራበት ዓባይ ያው በደቡብ በኩል የደብረ ኤልያስን ወረዳ የሚያዋስነው ዓባይ ነው። እንግዲህ በኤሌክትሪክ የሚሄድ ነገር ዛሬ በከተማ ቢሆን ነገ በገጠር መንገድ መምጣቱ አይቀርም።

ታዲያ ይህን አዲስ ንብረት ከክረምት የምንጠብቀው እንዴት ነው? በዚህ ጽሑፍ ስለዚህ እንነጋገራለን። ስለ ብስክሌቱ እንናገር እንጂ ምክሩ ለራዲዮውም፣ ለመብራቱም፣ ለስልኩም ይሆናል።

እኛም ተሳስተን ተምረናል

በመጀመሪያ የራሳችንን ስሕተት እንንገራችሁ። በአንድ ክረምት ራዲዮናችን ላይ ጣሪያው አፈሰሰበት። ቶሎ ይድረቅ ብለን ከምድጃው ዳር አስቀመጥነው። ፕላስቲኩ መጣመም ጀመረ። ደንግጠን አነሣነውና ከውጭ የደረቀ ስለ መሰለን ድንጋዩን ከተን ከፈትነው። አንድ ጊዜ ጮኸና ጸጥ አለ። ከዚያ በኋላ አልተናገረም።

አጠገባችን የነበሩ አንዲት እናት ይህን አይተው፣ «ልጆቼ፣ በርበሬ እንኳ በእሳት አይደርቅም፤ ያራል እንጂ። ነፋስና ጊዜ ነው የሚያደርቀው» አሉን። እኛ ብዙ መጽሐፍ ያነበብን ሰዎች ዝም አልን። እውነታቸውን ነበር። ይህንን ምክር ከዚህ በታች ደግማችሁ ታገኙታላችሁ።

የኤሌክትሪክ ብስክሌት ምንድነው?

የኤሌክትሪክ ብስክሌት እንደ ማንኛውም ብስክሌት ፔዳል፣ ካቴናና ፍሬን አለው። ከዚህ ሌላ አራት ነገሮች ተጨምረውበታል።

አንደኛው ባትሪው ነው። ኃይል የሚጠራቀምበት ጎተራ ማለት ነው። ሁለተኛው ሞተሩ ነው። ብዙውን ጊዜ በኋላው ወይም በፊተኛው ጎማ መካከል፣ በእምብርቱ ላይ ይቀመጣል። ሦስተኛው መቆጣጠሪያው ሳጥን ነው። ከባትሪው ወደ ሞተሩ የሚሄደውን ኃይል ይመጥናል፤ ቦይ ከፍቶ እንደሚዘጋ መስኖ ጠባቂ ነው። አራተኛው በመሪው ላይ ያለው ማብሪያ ማጥፊያና መስተዋት ነው። እነዚህን ሁሉ ሽቦዎች ያገናኙዋቸዋል። ሽቦና ሽቦ የሚገናኝበት ቦታ መጋጠሚያ ወይም ሶኬት ይባላል።

የራዲዮ ድንጋይ ኃይሉ 1.5 ቮልት ነው። የብስክሌቱ ባትሪ ግን ብዙውን ጊዜ 36 ወይም 48 ቮልት ነው። ይህም 24 ወይም 32 የራዲዮ ድንጋዮችን በአንድ ረድፍ እንደ መደርደር ነው። ባትሪው ከብስክሌቱ ክፍሎች ሁሉ ውድ ነው። ስለዚህ ባትሪው ከተበላሸ ብዙ ገንዘብ ጠፋ ማለት ነው።

ውሃ ኤሌክትሪክን ለምን ይጎዳል?

ብዙ ሰው ውሃ ሁሉ ኤሌክትሪክ የሚያሳልፍ ይመስለዋል። ነገሩ ግን እንዲህ ነው። ፍጹም ንጹሕ የሆነ ውሃ ኤሌክትሪክን የሚያሳልፈው እጅግ በጥቂቱ ነው። ጨው፣ አፈር ወይም አመድ የቀላቀለ ውሃ ግን በደንብ ያሳልፋል። በመንገድ ላይ የሚረጨው ውሃ ጭቃ የቀላቀለ ነው፤ ስለዚህ ንጹሕ አይደለም።

ይህ ውሃ በመቆጣጠሪያው ሳጥን ውስጥ ቢገባ ኃይሉ የራሱን መንገድ ትቶ በውሃው በኩል ያቋርጣል። ቦዩን ሰብሮ ማሳ እንደሚያጥለቀልቅ ጎርፍ ነው። መሄድ ወደማይገባው ቦታ ሲሄድ ትንንሾቹን ክፍሎች ያቃጥላል። ይህ ፈጣኑ ጉዳት ነው።

ዘገምተኛ ጉዳትም አለ። እሱ ዝገት ነው። በ1792 ዓ.ም.፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1800፣ አሌሳንድሮ ቮልታ የሚባል የኢጣልያ ሊቅ አንድ ነገር አሳየ። ሁለት ዓይነት ብረቶችን እያፈራረቀ ደረደረ። በመካከላቸው በጨው ውሃ የራሰ ጨርቅ አደረገ። ከዚያም ኤሌክትሪክ አገኘ። የመጀመሪያው ባትሪ ይህ ነበር። ቮልት የሚባለው መለኪያም ስሙን ያገኘው ከዚህ ሰው ነው። ነገር ግን በዚህ ሥራ ከብረቶቹ አንዱ እየተበላ ያልቃል።

በሶኬት ውስጥ የቀረ ጭቃማ ውሃም ይህንኑ ይሠራል። የሶኬቱን ብረት ቀን ከሌት ይበላዋል። በአሮጌ የመዳብ ዕቃ ላይ የሚወጣውን አረንጓዴ ዝገት አይታችሁ የለ? በሽቦው ጫፍ ላይ የሚወጣውም ያው ነው። ብስክሌቱ በነሐሴ ረጥቦ በኅዳር ቆሞ የሚቀረው በዚህ ምክንያት ነው። ሰውየው፣ «ዝናብ በሌለበት ምን ነካው?» ይላል። የነካው የነሐሴ ውሃ ነው።

ውሃው በየት በኩል ይገባል?

ውሃ በሦስት መንገድ ይገባል።

የመጀመሪያው በክፍተት ነው። ክዳኑ በደንብ ካልተገጠመ፣ ብሎኑ ከላላ፣ የጎማ ማሸጊያው ከተሰነጠቀ ውሃው ቀጥ ብሎ ይገባል።

ሁለተኛው በሽቦው ላይ እየሄደ ነው። ዝናብ በመሪው ላይ ይወርዳል፤ ከዚያ ሽቦውን ተከትሎ እስከ ሶኬቱ ይደርሳል። የሽቦው ልባስ ከተላጠ ደግሞ ውሃው በቀጫጭኖቹ ክሮች መካከል ይሳባል። ኩራዝን ተመልከቱ። ጋዙ ከታች ነው፣ እሳቱ ከላይ ነው። ክሩ ጋዙን ወደ ላይ ይስበዋል። ሽቦም ውሃን እንዲሁ ይስባል።

ሦስተኛውን መንገድ ብዙ ሰው አያውቀውም። ዳገት የወጣ ሞተር ይሞቃል። በውስጡ ያለው አየርም ሞቆ ይሰፋል፤ ከፊሉም ይወጣል። ያ ሞተር ወዲያው ቀዝቃዛ ወንዝ ውስጥ ቢገባ የቀረው አየር ይኮማተራል። ያን ጊዜ ሞተሩ በስንጥቁ ሁሉ ውሃ ይምጋል። ይህን ለማወቅ የፕላስቲክ ጠርሙስ ውሰዱ። ሙቅ ውሃ ጨምራችሁ ድፉት፤ ወዲያው ክዳኑን ግጠሙና ቀዝቃዛ ውሃ አፍስሱበት። ጠርሙሱ ጎኑ ይጎደጉዳል። በሞተሩም የሚሆነው ይኸው ነው፤ ሞተሩ ግን ብረት ስለሆነ አይጎደጉድም፣ ውሃውን ይስባል እንጂ።

ሳይረጥብ በፊት ምን እናድርግ?

ክረምት ሳይገባ፣ በግንቦት ወር፣ የሚከተለውን አድርጉ።

1ኛ/ ብሎኖቹንና ክዳኖቹን አንድ በአንድ እዩ። የላላውን በካቻቢቴ አጥብቁ።

2ኛ/ የተላጠ ሽቦ ካለ በደረቁ በናስትሮ ጠቅልሉ። በእርጥብ ሽቦ ላይ ናስትሮ መጠቅለል ውሃውን አስሮ ማስቀመጥ ነው። ሲጠቀለልም ከታች ወደ ላይ ይሁን። የሣር ክዳን የላይኛው በታችኛው ላይ እንደሚደረብ ናስትሮውም እንዲሁ ይደረብ፤ ያን ጊዜ ውሃው ይንሸራተታል።

3ኛ/ ወደ ሶኬት የሚገባው ሽቦ ከመግባቱ በፊት ወደ ታች ረገብ ብሎ ይንጠልጠል። ውሃው ሽቦውን ተከትሎ ሲመጣ ከረገበው ቦታ ላይ ይንጠባጠባል፤ ወደ ሶኬቱ አይወጣም። ይህ ገንዘብ የማይጠይቅ ትልቅ ብልሃት ነው።

4ኛ/ ሶኬቱ ከተገጠመ በኋላ በውጭ በኩል መጋጠሚያውን ቫዝሊን በስሱ ቀቡት። ውሃ ቅባት ላይ አይቆምም። ከዚያ በላይ ከአሮጌ ካላማዳሪያ የተቆረጠ ጎማ መጠቅለል ይቻላል፤ የታችኛው በኩል ግን ክፍት ይሁን።

5ኛ/ ፓራፋንጎ የሌለው ብስክሌት በጭቃ አትንዱ። ከላይ ከሚወርደው ዝናብ ይልቅ ከጎማው ሥር የሚረጨው ጭቃ ይብሳል።

6ኛ/ ሳጥኑን ሙሉ በሙሉ በፌስታል አትሰሩ። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ቀን የሞቀው አየር ሌሊት ሲቀዘቅዝ ጤዛ ይሆናል። አክንባሎ ሲነሣ በውስጡ የሚንጠባጠበውን ላብ ታውቁታላችሁ። የታሰረ ፌስታልም እንዲሁ በውስጡ ያልባል። ስለዚህ ከላይ እንደ ጃንጥላ ሸፍኑ፣ ከታች አየር ይግባበት። በሳጥኑ ሥር የውሃ መውጫ ቀዳዳ ካለም አትድፈኑት።

ብስክሌቱ የት ይደር?

ከጣሪያው ጠፈጠፍ ሥር አታቁሙት። ከከብቶች ጋጥ አጠገብም አይደር። የከብት ሽንት ጨው አለው፤ ከሽንትና ከፍግ የሚወጣው ዓይን የሚያቃጥለው ሽታም መዳብን ይበላል። ከተቻለ ባትሪውን ነቅላችሁ ከመሬት ከፍ ባለ ደረቅ ቦታ አስቀምጡ።

ክረምቱን በሙሉ ካልነዳችሁት ባትሪውን ባዶ አድርጋችሁ አትተዉት፤ ጢም አድርጋችሁም አትሙሉት። ግማሽ ያህል ሞልቶ ይቀመጥ። በወር አንድ ጊዜ እየታየ ከጎደለ ይጨመርለት።

ብስክሌቱ ሲቆሽሽም ወንዝ ወስዳችሁ አትዝፈቁት። በእርጥብ ጨርቅ ጥረጉት፣ ከዚያ በደረቅ ጨርቅ አድርቁት። ለጥገና በዝናብ ገልብጣችሁ አታቁሙት። ከላይ የሚወርደውን ውሃ እንዲመልስ የተሠራው ክዳን ሲገለበጥ ውሃ የሚይዝ ሳሕን ይሆናልና።

ወንዝ ሲያጋጥም

ከሁሉ በፊት ይህን እንወቅ፦ ከንብረት ነፍስ ይበልጣል። በክረምት ላይ በኩል ሲዘንብ ታች ያለ ሰው ሳያውቅ ደራሽ ውሃ ይመጣል። ወንዙ ከደፈረሰና ድምፁ ከተለወጠ ቆማችሁ ጠብቁ።

ወንዙ ጸጥ ያለና ጥልቀቱ የታወቀ ከሆነ የጎማውን እምብርት እዩ። በተለመደው ትልቅ ብስክሌት እምብርቱ ከመሬት አንድ ስንዝር ተኩል ያህል ከፍ ይላል። ሞተሩ ያለው እዚያ ነው። ውሃው ከቁርጭምጭሚት በላይ ከሆነ አትንዱበት። ወርዳችሁ ማብሪያውን አጥፉ። ባትሪውን ንቀሉና በትከሻ ተሸክማችሁ አሻግሩ። ቀጥሎ ብስክሌቱን ሁለት ሰዎች አንሥተው ያሻግሩ። ሞተሩ ሞቆ ከሆነም ከመሻገሩ በፊት ጥቂት ይረፍ። ምክንያቱን ከላይ ተመልክተናል።

ከረጠበስ በኋላ?

ውሃ ገባ ብላችሁ ከጠረጠራችሁ «ይሠራ እንደሆነ ልሞክረው» አትበሉ። ዕቃውን የሚገድለው ብዙውን ጊዜ ውሃው ብቻ ሳይሆን ይህ ሙከራ ነው። ውሃው በውስጡ እያለ ኃይል ሲለቀቅበት ይቃጠላል። የእኛንም ራዲዮ የገደለው ይህ ነው። እንግዲህ እንዲህ አድርጉ።

መጀመሪያ ማብሪያውን አጥፉ። ቀጥሎ ባትሪውን ንቀሉ። የረጠበ ራዲዮ ከሆነ ድንጋዩን አውጡ። ከዚያ በንጹሕ ደረቅ ጨርቅ ጥረጉ። ሶኬቶቹን ፍቱና አፋቸውን ወደ ታች አድርጋችሁ አንጠልጥሉ። ነፋስ በሚነፍስበት ጥላ ሁለት ሦስት ቀን ይቆይ። ምድጃ ዳር አታስጠጉት።

የረጠበ ስልክ ጤፍ ወይም ሩዝ ውስጥ የሚቀብር ሰው አለ። ይህ አይጠቅምም። እህሉ ከነፋስ የበለጠ አያደርቅም፤ ብናኙ ደግሞ በቀዳዳው ይገባል።

ሲደርቅ የሶኬቶቹን ጫፍ እዩ። አረንጓዴ ዝገት ካለ በደረቅ ትንሽ ብሩሽ ጥረጉት። ከፋርማሲ የሚገዛ አልኮል ካለ በጥቂቱ መጠቀም ይቻላል። አረቄ ግን ውሃ ስላለበት ለዚህ ሥራ አይሆንም።

ባትሪው ውሃ ውስጥ ከሰጠመ

ይህን ክፍል በጥንቃቄ አንብቡት። ላላነበበውም አንብቡለት።

የብስክሌቱ ባትሪ ብዙውን ጊዜ ሊቲየም ከሚባል ነገር የተሠራ ነው። ይህ ዓይነት ባትሪ ለገበያ የዋለው በ1983 ዓ.ም. ገደማ ነው። ፈልሳፊዎቹ ሦስት ሊቃውንት በ2012 ዓ.ም. የኖቤል ሽልማት ተሰጥቷቸዋል። ቀላል ሆኖ ብዙ ኃይል ይይዛል። ነገር ግን ውሃ ገብቶ በውስጡ ኃይል ካቋረጠ ይሞቃል። በውስጡ ካሉት ትንንሽ ባትሪዎች አንዱ ሲሞቅ ጎረቤቱን ያሞቃል፤ እሱም ሌላውን። በመጨረሻ እሳት ይነሣል። እሳቱ የሚነሣው ደግሞ ወዲያው ላይሆን ይችላል፤ ከሰዓታት ወይም ከቀናት በኋላ፣ ሰው በተኛበት ሊሆን ይችላል። የሣር ክዳን ባለው ቤት ይህ ምን ማለት እንደሆነ እናንተው ታውቃላችሁ።

ስለዚህ ውሃ ውስጥ የሰጠመ ባትሪ ወደ ቤት አይግባ። ከቤት፣ ከጭድና ከድርቆሽ ክምር ርቆ፣ ዝናብ በማይነካው ቦታ፣ ድንጋይ ላይ ይቀመጥ። ልጆች አይጠጉት። ቻርጀር ላይ አይሰካ። የሚያውቅ ባለሙያ ሳያየው ማንም አይክፈተው። ካበጠ፣ ከሞቀ፣ ካፏጨ ወይም ጭስ ካወጣ ራቁ። ጭሱ መርዝ ነው። ወንዝ ወይም ቆሻሻ ጉድጓድ ውስጥም አትጣሉት፤ ወደ ሻጩ ወይም ወደ ጠጋኙ ይመለስ።

ባትሪው ደህና ቢሆንም ሲሞላ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ከግድግዳው የሚመጣው ኤሌክትሪክ 220 ቮልት ነው፤ ሰው ይገድላል። በእርጥብ እጅ፣ በባዶ እግር፣ ዝናብ በሚነካው በረንዳ ላይ ቻርጀር አትሰኩ። ሌሊት ተኝታችሁም አትሙሉ።

በዕቃው ላይ የሚጻፈውን ቁጥር ማንበብ

አሁን ማንበብ ስለምትችሉ ሻጭ የሚላችሁን ብቻ አትስሙ። በብዙ የባትሪ ዕቃ ላይ ሁለት የእንግሊዝኛ ፊደሎችና ሁለት ቁጥሮች ይጻፋሉ። ፊደሎቹ አይ እና ፒ ይባላሉ። አይ ቀጥ ያለ ዘንግ ነው፤ ፒ ደግሞ በላዩ በቀኝ በኩል ሆድ ያለው ዘንግ ነው። የመጀመሪያው ቁጥር ስለ አቧራ ነው። ሁለተኛው ቁጥር ስለ ውሃ ነው። በዓለም አቀፍ ደረጃ የተስማሙበት መለኪያ ነው።

ሁለተኛው ቁጥር 4 ከሆነ ዕቃው ከየአቅጣጫው የሚረጭ ውሃን ይችላል። 5 ከሆነ በቧንቧ የሚለቀቅ ውሃን ይችላል። 7 ከሆነ እስከ አንድ ሜትር ጥልቀት ለ30 ደቂቃ ቢሰጥም ይችላል። እንግዲህ በክረምት ለሚነዳ ብስክሌት ሁለተኛው ቁጥር ከ4 አይነስ። ነገር ግን ፈተናው የተደረገው በአዲስ ዕቃና በንጹሕ ውሃ መሆኑን አትርሱ። ጎማው ሲያረጅ ቁጥሩ እዚያው ይቀራል፤ ብርታቱ ግን ይቀንሳል።

ማጠቃለያ

ከላይ ከተናገርነው አራቱን ነገሮች ያዙ። ከላይ ሸፍኑ፣ ከታች ይተንፍስ። ሽቦው ረገብ ብሎ ይግባ። ከረጠበ አትሞክሩት፣ ነፋስና ጊዜ ስጡት። የሰጠመ ባትሪ ቤት አታስገቡ። ከእነዚህ አንዱም ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም። የሚጠይቀው ክረምት ሳይገባ ክዳኑን የሚያይ የገበሬ ዓይን ነው፤ እሱ ደግሞ አላችሁ። ሳይቃጠል በቅጠል ይባል የለ?

የመወያያ ጥያቄዎች

1. ብስክሌቱ በነሐሴ ረጥቦ በኅዳር ሊቆም የሚችለው ለምንድነው?
2. ሳጥኑን በፌስታል ጥርቅም አድርጎ ማሰር የሚጎዳው እንዴት ነው?
3. የሰጠመ ባትሪ ለምን ከቤት ይርቃል? በአካባቢያችሁ የት ቢቀመጥ ይሻላል?
4. በቤታችሁ ያለው ራዲዮ፣ መብራት ወይም ስልክ አሁን የት ተቀምጧል? ቦታው ደረቅ ነው? ዛሬውኑ እዩት።